ቦንጋ የከረመው የቡላ ክኒን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጋቢውስ ይለበሳል፤ ሰዓቱን ምን ላድርገው? ከእንግዲህ የምቸኩልበት ቦታ የለኝም። ንግግሩና ጭብጨባው አልቆ ኬኩ ሊቆረስ ሲል የመጨረሻዎቹ ተማሪዎቼ ተነሡና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖሩ። ብፈታው ሁለት ብልቃጥ ሙሉ ነጭ ክኒን ነው። የአንዱ አንገት ላይ ቀይ ክር፣ የሌላው ላይ ሰማያዊ ክር ታስሯል። እንባዬ ቀደመኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ጎንበስ ብላ፣

«ሙና፣ ለጋቢው ሳታለቅሺ ለራስ ምታት ክኒን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ።

«አንድ ብልቃጥ ቢሆን ኖሮ አላለቅስም ነበር» አልኳት። ጭራሽ ግራ ገባት። ነገሩን ለማስረዳት ከዋጫ መጀመር ስላለብኝ፣ ኬኩም እየተቆረሰ ስለነበር፣ ተውኩት። አሁን ግን ጊዜው ሞልቷል፤ ይኸው ከዋጫ እጀምራለሁ።

የተወለድኩት ቦንጋ ነው። አባቴ ሱሩር ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ላምባ ይሸጣል፤ ወሬ ደግሞ በነፃ ያድላል። እኔ በፋርማሲ ቴክኒሽያንነት በዲፕሎማ ተመርቄ የተመደብኩት እዚያው ካፋ ውስጥ፣ ዋጫ ጤና ጣቢያ ነው። ሥራዬ ከጠባብ መስኮት ኋላ ቆሞ ክኒን መቁጠር ነበር። አምስት ዓመት ቆጥሬ ስድስተኛው ላይ መሰልቸት ስጀምር ነው አንዲት ሴትዮ የመጣችው።

ልጇ ትኩሳት ነበረበት። ክኒኑን አድቅቃ እንድትሰጠው ነገርኳት። እሷ እዚያው መስኮቱ ላይ አንዱን በጥርሷ ሰበር አድርጋ አጣጣመችውና በተሰባበረ አማርኛ፣

«እህቴ፣ ይሄ ትንሽ መራራ ነው፤ የቀረው ግን ቡላ ነው» አለችኝ።

ሣቅኩባት። «ቡላማ ገንፎ ነው፤ ይሄ ከፈረንጅ አገር ነው የመጣው» አልኳት። እሷም ሣቀች፤ ልጇን አዝላ ሄደች።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዞኑ ሠራተኞቹን ለዲግሪ መላክ ጀመረ። ከዕድለኞቹ አንዷ ሆንኩና ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ ከልጆች ጋር ደብተር ያዝኩ። ደመወዜ ግማሹ ይከፈለኝ ነበር፤ እሱም ሲደርስ ነው። ስለ ክኒን አሠራር የተማርንበት የመጀመሪያው ቀን ግን ደመወዙንም ረሀቡንም ያስረሳል። መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ክኒን በትልቁ ሥለው ለሁለት ከፈሉት። ትንሿን ክፍል «መድኃኒት» አሏት። ትልቁን ክፍል ደግሞ «ይሄ መድኃኒቱን ተሸክሞ የሚያደርሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስታርች ነው፤ ከበቆሎ ወይም ከድንች ይወጣል፤ ከውጭ አገር እናስመጣዋለን» አሉ።

ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝ! ዋጫ መስኮት ላይ የቆመችው ሴትዮ ፊቴ ድቅን አለች። ቡላ እኮ ስታርች ነው! ከእንሰት ተጨምቆ፣ ረግቶ፣ ነጭ ዱቄት የሚሆነው የአገሬ ቡላ። ድፍን ካፋ ጓሮው እንሰት ነው፤ እኛ ስታርች በመርከብ እናስመጣለን። ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ መምህሩን ኮሪደር ላይ ሮጬ ያዝኳቸው።

ዶክተር መኩሪያ ይባላሉ፤ እኛ ትልልቆቹ ተማሪዎች ጋሽ መኩሪያ ነበር የምንላቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋዋናቸው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የጎደለው ሰው ነበሩ። የተናገርኩትን በጥሞና ሰሙና «ሌሎችም አስበውታል፤ ቦንጋ ወስዶ ያከረመው ግን የለም። የመመረቂያ ሥራሽ አድርጊው» አሉኝ። ያን ቀን ከደስታዬ የተነሣ ምሳ አልበላሁም።

ስለ ጋሽ መኩሪያ ልማድ ትንሽ ካልነገርኩ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባም። ክኒን ሲቀርብላቸው አይናገሩም። መጀመሪያ ብልቃጡን ጆሯቸው ሥር አድርገው ያንኳኳሉ፤ ያልተፈረፈረ ክኒን ጠጠር የመሰለ ድምፅ አለው። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። ከዚያ አንዱን በሁለት አውራ ጣታቸው ቀጭ አድርገው ይሰብሩና ስብራቱን በመስኮቱ ብርሃን ያያሉ። ይህ ሁሉ ሳያልቅ አፉን የከፈተ ተማሪ ወዮለት። «አፍንጫ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ባለቤቱ ነው» ይላሉ። ጥሩ ሥራ ሲያዩ ደግሞ «ጎበዝ» የሚል ቃል አያውቁም፤ «ቀጥዪ» ብቻ ነው። ለዚያች «ቀጥዪ» ስንል ስንቱን ለፋን!

ቡላውን ያስመጣሁት ከሺሺንዳ ገበያ ነው። በጨርቅ አጥልዬ፣ በውሃ አጥቤ፣ አስረግቼ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ እንደገና አጠብኩት። ቡላ ሲመጣ ኮምጠጥ ያለ የራሱ ሽታ አለው፤ ያ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሜ አጠብኩ። ደርቆ በወንፊት ሲያልፍ ጣቴ ላይ ጢስ የመሰለ፣ በረዶ የሚያስንቅ ነጭ ዱቄት ሆነ። ከአስፒሪን ጋር በደረቁ ደባልቄ በክኒን መምቻው ማሽን መታሁት። የመጀመሪያዋ ክኒን ስትወድቅ በመዳፌ ተቀበልኳት። ጋሽ መኩሪያ አንኳኩተው፣ አሽትተው፣ ሰብረው «ቀጥዪ» አሉ። እልል ልል ነበር።

ለማወዳደሪያ ደግሞ በውጭው የበቆሎ ስታርች ተመሳሳይ ክኒን ሠራሁ። ጋሽ መኩሪያ ክረምቱን ለአጭር ሥልጠና ወደ ውጭ ይሄዱ ነበርና ሲሰናበቱኝ እንዲህ አሉ፦ «መድኃኒት መክረም ያለበት በሽተኛው ባለበት ነው። የአዲስ አበባ ቁም ሣጥን አይታመምም። ሁለቱንም ቦንጋ ይዘሽ ግቢ፤ የቦንጋን ዝናብ አብረው ይዩ።»

እሺ ብያለሁ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ቦንጋ ባዶ እጅ አይገባም። ለአባቴ ጫማ፣ ለአክስቴ ለእትዬ ዘሀራ ሻርፕና ፔርሙዝ፣ ለጎረቤት ልጆች ደብተርና ከረሜላ፣ ለጤና ጣቢያ ጓደኞቼ ምንነቱን የማላስታውሰው ነገር ሁሉ ተገዝቷል። ካርቶኑ አልዘጋ አለ። ተቀምጬበትም አልዘጋ አለ። አውቶቡሱ ነገ ንጋት ላይ ነው። ሁለቱን ብልቃጦች አየኋቸው። የውጭው ስታርች እንደሆነ ስንት አገር የፈተነው ነው፤ እሱ ምን ይሆናል? አልኩና የእሱን ብልቃጥ ላብራቶሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ትቼ፣ በቦታው የእትዬ ዘሀራን ፔርሙዝ ከተትኩ።

የቡላው ብልቃጥ አባቴ ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ በስኳሩና በሳሙናው መሃል ተቀመጠ። ያን ጊዜ የአባቴን ኩራት ባያችሁ! ጨው ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ሳያሳይ አይለቅም። «ይሄን ልጄ ናት የሠራችው። ከቡላ! ከዚሁ ከናንተው ቡላ!» ብሎ ክዳኑን ይከፍታል፤ ሰው ያያል፤ ይዘጋል። ሌላው ይመጣል፤ ይከፍታል። ውጭ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ጭጋጉ እስከ ባንኮኒው ይገባል። መስከረም ሲጠባ ብልቃጡን ከፍቼ አሸተትኩ፤ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው።

«የቡላ ሽታ ነው» አለ አባቴ ደስ ብሎት። እትዬ ዘሀራም አሽትታ «ምን ይጠየቃል፣ ቡላ ነው» አለች። ገበያተኛው ሁሉ አሸተተ፤ ሁሉም «ቡላ!» አለ። በቡላ ያደገ አፍንጫ ሌላ ምን ይላል? እኔም ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ሥራችንን የሚገመግሙት መምህራን ፊት የቀረብኩት ጋሽ መኩሪያ በተመለሱ ሰሞን ነው። ብልቃጡን ተቀብለው አንኳኩ። ድምፁ የደነዘዘ ነበር። ከፈቱ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ አሸተቱ። ከወትሮው በላይ ቆዩ።

«ሙና፣ ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ቡላው ነው፣ ጋሼ።»

«ቡላውን አጥበሽ ሽታውን አጥፍተሽው አልነበር?»

ብልቃጡን ተቀብዬ ራሴ አሸተትኩ። አጥፍቼው ነበር! እሳቸውም ያኔ አሽትተው ምንም አላገኙበትም። የሚሸተው ቡላ ሳይሆን ኮምጣጤ ነው። አስፒሪን ውሃ ከነካው ይፈርስና ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤ ይህንን ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ መልሻለሁ። ክኒኖቹ ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን መርፌ የመሰለ ነገር አብቅለዋል። መድኃኒቱ ተበላሽቷል።

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመውን የውጭውን አስመጥተው ከፈቱ። ሽታ የሚባል የለውም፤ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው «እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ቡላ ለገንፎ ይሁን» አሉ። አዳራሹ ሣቀ።

ጋሽ መኩሪያ ግን አልሣቁም። «ይሄኛው የት ነው የከረመው?» አሉ የውጭውን እያሳዩ።

«እዚሁ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ።»

«ለምን?»

«ካርቶኑ... ፔርሙዝ ነበር፣ ጋሼ።»

አሁን የሣቁት ሣቅ ከበፊቱ የባሰ ነበር። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ያበላሸው የቦንጋ እርጥበት ይሁን ቡላው ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ፍርዱ ግን ቡላው ላይ ወረደ። ፈራጅ እንዲፈርድበት አሳልፌ የሰጠሁትም እኔ ነኝ፤ ለአንድ ፔርሙዝ ብዬ።

አልተመረቅኩም። ገምጋሚዎቹ ርዕስ እንድቀይር ፈለጉ፤ ጋሽ መኩሪያ ተከራክረው አንድ ክረምት ለመኑልኝ። የዞኑ ጤና መምሪያ በበኩሉ እስከ መጪው መስከረም ታገሠኝ፤ ከዚያ ዲግሪ ኖረም አልኖረ ዋጫ መስኮት ኋላ እመለሳለሁ። ለራሴ መመለሱን እችለው ነበር። የሚያንገበግበኝ ቡላው ነበር። እኔ ከወደቅኩ ከኋላዬ የሚመጣ ተማሪ «ቡላማ ተሞክሮ ከሽፏል» ይባልና በሩ ይዘጋል። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ፤ ሲነጋ ግን የመጀመሪያዋ ላብራቶሪ የምገባ እኔ ነበርኩ።

ያ ዓመት ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የሚጣፍጠኝ ዓመት ነው። ሁለቱንም ስታርች ክብደታቸው መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ በምድጃ አደረቅናቸው፤ ለእጅ ደረቅ የመሰለ ዱቄት ስንት ውሃ ደብቆ እንደሚኖር ያኔ አየሁ። ጋሽ መኩሪያ ውሃ ከሚፈራው አስፒሪን በተጨማሪ ውሃ እምብዛም የማይፈራውን ፓራሲታሞልንም ጨመሩ። አራት ብልቃጥ ሆነ፤ አስፒሪን በቡላና በውጭው፣ ፓራሲታሞል በቡላና በውጭው። ከዚያ እኔን ከክፍሉ አስወጡኝና የአንዱን ወገን በቀይ ክር፣ የሌላውን በሰማያዊ ክር አሰሩ። የትኛው ክር የቡላ እንደሆነ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

«እኔም አላውቅም?» አልኳቸው።

«በተለይ አንቺ አታውቂም። አንቺ ቡላን ትወጃለሽ።»

ያን ክረምት ቦንጋ የገባሁት አራት ብልቃጥ በፎጣ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌ ነው። ጅማ አድረን፣ ጭቃው ላይ ሁለቴ ወርደን አውቶቡስ ገፍተን ደረስን። ሌላ ምንም አልያዝኩም። እትዬ ዘሀራ ከኋላዬ ካርቶን ስትፈልግ ቆይታ፣

«ከአዲስ አበባ ባዶ እጅሽን?» አለች።

«ክኒኖቹን ይዣለሁ፣ እትዬ።»

«ለደህና ሰው ክኒን ስጦታ ይሆናል እንዴ! ሰው ምን ይላል?» ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ለአባቴ ያለፈውን ውድቀት ስነግረው ጨው የሚሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠ። ለከተማው ሁሉ ያወራው ነገር ነውና ከበደው። «በመክፈቴ ነው?» አለ በመጨረሻ። ያንኑ ጋሽ መኩሪያን ጠይቄያቸው ነበር፤ መልሳቸውን ነገርኩት፦ «በሽተኛም ቤቱ ወስዶ በየቀኑ ይከፍታል። አባትሽ የሠሩት ትክክለኛውን ፈተና ነው። ዘንድሮም ይክፈቱ፤ ግን አራቱንም እኩል፤ ማንም ግን አያሽትት፤ የለመደ አፍንጫ አያሸትምና።»

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን ሲከፍት ቢስሚላህ ብሎ አራቱን ብልቃጥ ይከፍታል፤ ሱቁን ሲዘጋም እንዲሁ። ሳያሸት ለመክፈት ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይይዛል። ገበያተኛው ይስቅበታል። «ጋሽ ሱሩር፣ ምን አፍነው ነው?» ይሉታል። «መንግሥት ነው የከለከለኝ» ይላል።

መስከረም ሲገባ ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው ቦንጋ መጡ። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፤ በቀጥታ ወደ ሱቁ። ዜናው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ግማሹ ገበያ ባንኮኒው ላይ ተደርድሯል። ጋሽ መኩሪያ አስፒሪኖቹን አነሡና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባቴ ገፏቸው።

«ጋሽ ሱሩር፣ ክረምቱን ሙሉ ትንፋሽዎን ይዘዋል። አሁን ከሁለቱም ያሽትቱ።»

አባቴ ቀዩን ክር አሸተተ። ፊቱ ጠቆረ። «ኮምጣጤ» አለ ቀስ ብሎ። ሰማያዊውን አነሣ፤ አሸተተ። ደግሞ ቀዩን፤ ደግሞ ሰማያዊውን።

«ይሄኛውም ኮምጣጤ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ብልቃጦቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። እትዬ ዘሀራ አሸተተች፤ አንድ ቆዳ ነጋዴ አሸተተ፤ ከገጠር ቡላ ይዘው የመጡ ሴቶች በካፍኛ እየተከራከሩ አሸተቱ። ጋሽ መኩሪያ «የቡላው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ገሚሱ ቀዩ አለ፤ ገሚሱ ሰማያዊው አለ። መለየት የቻለ የለም! ያ ሁሉ የቡላ አፍንጫ ተሰብስቦ የቡላውን መለየት አልቻለም! በሁለት ክኒን መሽተት እንደዚያ የተደሰተ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም፤ እትዬ ዘሀራን አቅፌ ዘለልኩ።

ፓራሲታሞሎቹ ተከፈቱ። ሁለቱም ምንም አይሸቱም። ጋሽ መኩሪያ አንኳኩዋቸው፤ ጠጠር ናቸው። ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚበተኑ ለማየት አባቴ ሁለት የሻይ ብርጭቆ በለብ ያለ ውሃ ሞልቶ አቀረበ። ከየክሩ አንዳንድ ክኒን ወደቀ። ሁሉም ወደ ባንኮኒው ተጠጋ። መጀመሪያ ዙሪያቸው አረፋ አበጀ፤ ከዚያ ከጎናቸው መሸራረፍ ጀመሩ፤ ከዚያ ሁለቱም ብትን ብለው ነጭ ደመና ሆኑ። አንዱ ከሌላው አልቀደመም። ጋሽ መኩሪያ አጎንብሰው ብርጭቆዎቹን ብዙ ካዩ በኋላ ቀና አሉ።

«ቀይ ክሩ የቡላው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቀጥዪ» አሉኝ።

ቀጠልኩ። በዚያ ሥራ ተመረቅኩ፤ ሰብሳቢው ራሳቸው ፈርመው «ገንፎውንም አትርሺ» ብለው እጄን ጨበጡኝ። ክኒን ፋብሪካ ገባሁ፣ ዋና ኃላፊ ሆንኩ፣ ከዚያ ተማሪዎችን ወደ ማሠልጠኑ ተመለስኩ። ቡላ ፋብሪካውን ወረሰው ብል እዋሻለሁ፤ ስታርች ዛሬም በመርከብ ይመጣል። በሩ ግን አልተዘጋም። በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪ ቡላን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ያጥበዋል፣ ሌላው በሙቀት ይለውጠዋል፣ ሌላው ሽፋን ይሠራበታል። ሁሉም ከላብራቶሪ ከመውጣታቸው በፊት የፔርሙዙን ታሪክ ይሰማሉ፤ ሁሉም ክኒናቸውን ቦንጋ ያከርማሉ። ጋሽ መኩሪያ አርፈዋል። አባቴም አርፏል፤ ነፍሱን ይማርና እስከ መጨረሻው ክረምት ድረስ ትንፋሹን ይዞ ሲከፍት ነበር።

አሁን ቦንጋ ነኝ። ሱቁን ወንድሜ ይዞታል፤ ደጁ ላይ የጭቃው መንገድ አስፋልት ሆኖ ባጃጅ ይንጫጫበታል፤ ዝናቡ ግን ያው ነው። የሽኝቴን ሁለት ብልቃጥ በድሮው መደርደሪያ ላይ አኑሬ፣ ጠዋትና ማታ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ። ትናንት ሳሙና ልትገዛ የመጣች ልጅ ጉንጬን ነፍቼ አይታኝ ስትስቅ ቆየችና፣ «እማማ፣ የቡላው የትኛው ነው? ቀዩ ወይስ ሰማያዊው?» አለችኝ።

«አላውቅም፤ ተማሪዎቼ ሳይነግሩኝ ነው የሸኙኝ» አልኳት።